ባድመ የሌለችበት የባድመ ፍርድ

ስለ ባድመ ጦርነት የውጭ ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው አንዲት ቀልድ ሳትገጥመው አትቀርም። አርጀንቲናዊው ደራሲ ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ፣ አገሩና እንግሊዝ በፎክላንድ ደሴቶች ሲዋጉ፣ ነገሩ ሁለት ራሰ በራዎች ለማበጠሪያ እንደሚጣሉት ነው አለ። በግንቦት 1990 የእኛው ጦርነት ሲፈነዳ ጋዜጠኞች ማበጠሪያዋን ከፎክላንድ አንስተው ባድመ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። አሁንም ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ስለ ባድመ ከጻፈ፣ ከሥሩ አንዱ መጥቶ ማበጠሪያዋን ያመጣታል፤ አንዳንዴም የራሱ ፈጠራ አስመስሎ።

ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነው። ሁለት መንግሥታትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳፍራል፤ የሚገባቸውም ነበር። ሁለት ዓመት፣ በብዙዎቹ ግምት ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሞተ ሰው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተቀዳ የሚመስል ምሽግ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማበጠሪያ ላይ ሰው አይኖርም። ቀልዱ እንዲሠራ መሬቱ ባዶ መሆን አለበት። የአማርኛ ጆሮ ደግሞ ለዚህ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «ባድማ» ስንል ወና፣ የተፈታ፣ ጭስ የማይወጣበት ቤት ነው የሚታየን። የስሟን ምንጭ ልተርክ አይደለም፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ነው የምለው። «ለድንጋይ ነው የሞቱት» የሚለው የታክሲ ወሬም ከዚሁ ይመጣል።

ባድመ ግን ሰው ያለባት መንደር ነበረች። በትግራይ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሽራሮ ወዲያ፣ በመረብና በተከዜ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ተከዜ ወደዚያ ሲወርድ ሰቲት ይባላል። አካባቢው የኩናማ ነው፤ ቋንቋቸው የናይል ሰሃራ ቤተሰብ ነው፣ ከትግርኛ ጋር ዝምድና የለውም። ትግርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ደግሞ ከመረብ ወዲህም ወዲያም እየመጡ ሰፈሩበት፤ ማሽላና ሰሊጥ ዘሩበት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀብሃና ወያኔ በዚሁ አካባቢ አስተዳደር ተነታርከዋል። ስለዚህ «ባዶ ሜዳ ነበር፣ በ1990 ድንገት ትዝ አላቸው» የሚለውም ተረት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሒስ ነው፤ የምሄሰው ግን ልቦለድ አይደለም። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ሄግ ላይ ያወጣው ውሳኔ ነው። ወደ 125 ገጽ ነው፤ ፒዲኤፉን ማንም ያወርደዋል፤ ያነበበው ግን ስንት ነው? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ኮድ ነው፣ ሕግ አልተማርኩም። ነገር ግን ሥራዬ ቀኑን ሙሉ፣ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ የጻፉትን ሰነድ አንብቤ፣ ያልጻፉት ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። በዚያ ዓይን አነበብኩት፤ ጦርነቱ ሲጀመር የተወለድኩ ነኝና ዕዳም ነበረብኝ።

መጀመሪያ ሥልጣኑን እንይ። ኮሚሽኑን የወለደው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ነው። አንቀጽ 4 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ድንበሩ የሚወሰነው በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ ኮሚሽኑ «ፍትሐዊ የሚመስለኝ ይህ ነው» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አምስቱ ዳኞች፣ በሰር ኤሊሁ ላውተርፓክት ሰብሳቢነት፣ መንደሩ ውስጥ ማን ይኖራል፣ ምን ይሻላል ብለው እንዳይጠይቁ በውል ታስረዋል። ያሰሩትም ፈረንጆች አይደሉም። ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው፣ ፈርመው ነው።

ከዚያ ውሳኔው። ስለ ምዕራቡ ክፍል የሚናገረው የመጨረሻው አንቀጽ ጥቂት መስመር ነው። መስመሩ ከሱዳን ወሰን ተነስቶ ሰቲትን ይዞ ይሄዳል፤ ሰቲት ከቶምሳ ጋር እስከሚገናኝበት ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ፣ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት ቀጥ ብሎ ይሳላል። አለቀ። በማዕከላዊው ክፍል ዛላንበሳና ጾረና በስማቸው ተጠርተዋል። ባድመ ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀባት፣ በሐተታው ስሟ ይነሳል እንጂ በውሳኔው አንቀጽ የለችም። ከውሳኔው ጋር የወጡት ካርታዎች ላይም ምልክት አልተደረገባትም።

የሆነውን አስታውሱ። በዚያው ሰሞን ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ። የእኛው መንግሥት ባድመ ተፈርዳልኛለች ብሎ አወጀ፣ ሕዝቡም ደስ አለው። አስመራም እንደዚሁ። ኮድ ጽፌ ሁለት ተቃራኒ የሚፈልጉ ተጠቃሚዎች ሁለቱም «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው፣ ሥራው ያለቀ ሳይሆን ያልተሠራ ነገር እንዳለ ነው የምገምተው። መንደሯ ከመስመሩ በየት በኩል እንደምትወድቅ ለማወቅ መስመሩን በሌላ ካርታ ላይ ማስመር ያስፈልግ ነበር። ተሰመረ። ቀስ እያለ፣ ከወራት በኋላ፣ ባድመ ወደ ኤርትራ መውደቋ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ይህን እንደ ጽሑፍ ጉድለት ነው የማየው። ቀጥታ መስመር መሳል ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ግን በዚያ ገጽ ላይ «ባድመ በዚህ በኩል ናት» የሚል አምስት ቃል ቢጨምር፣ ሁለቱ መንግሥታት በሕዝባቸው ፊት ያንን ትያትር መሥራት አይችሉም ነበር። ሙያዊ ጥንቃቄ ነው የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ዛላንበሳ ስሟ ከተጠራ ግን ባድመ የማትጠራበት ምክንያት አይገባኝም።

በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ በሌላ ሰነድ መለሰልን፤ ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳምመኛል። ኢትዮጵያ ባድመን ስታስተዳድር ለመኖሯ ያቀረበችው ማስረጃ በቂ አይደለም አለ። አንዱ ምክንያት፣ ወረቀቶቹ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ባድመ አካባቢ እንጂ ስለ ባድመ መንደር አይደለም የሚል ነው። በሕግ ዓይን ትክክል ይመስለኛል። ግን አስቡት። ግብር የከፈለ ገበሬ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ፣ ለምርጫ የተመዘገበ ሰው፣ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የቦታ ስም መንደሩን ነው ወይስ ወረዳውን የሚለው አንድ ቀን ዜግነቱን ይወስናል ብሎ ማን ያስባል? ሕይወቱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ ከዚያም አነሰ ተባለ።

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ 1894። ውሳኔው የተመረኮዘበት ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 እዚሁ አዲስ አበባ በምኒልክ፣ በጣሊያንና በእንግሊዝ መካከል ተፈረመ። አማርኛም የውሉ ቋንቋ ነው። መስመሩ በሰቲትና በመረብ መካከል የሚያልፍበትን የጣሊያንና የኢትዮጵያ ተወካዮች እንዲያሰምሩ ይልና ምክንያቱን ይጨምራል፤ የኩናማ ነገድ ለኤርትራ እንዲሆን። ሰው የተጠቀሰበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። ሰው እንኳ አይባልም፤ እንደ ከብት መንጋ ለአንዱ የሚደርስ ነገድ ነው። ይሁን፣ ቢያንስ ተጠቅሷል። የወንዙ ስም የትኛውን ወንዝ እንደሚያመለክት ከመቶ ዓመት በኋላ ጠበቆች ሄግ ላይ ሲከራከሩ፣ ኮሚሽኑ የውሉን ዓላማ ለመረዳት የያዘው አንዱ ክር ይኸው የኩናማ ሐረግ ነበር።

እና ኩናማዎቹ ምን ሆኑ? በ1992 የኢትዮጵያ ጦር ከያዘው የኤርትራ ምድር ሲወጣ፣ ወደ 4 ሺህ የሚሆኑ ኩናማዎች አብረው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። መጀመሪያ ባድመ አቅራቢያ ዋዕላ ንህቢ በሚባል መጠለያ፣ በኋላ ሽመልባ ሰፈሩ። ከፊሎቹ አሜሪካ ደረሱ። ሽመልባ ደግሞ በ2013ቱ የትግራይ ጦርነት ተቃጥሎ ወደመ። መስመሩ ለኤርትራ እንዲሆኑ ተብሎ የተሰመረላቸው ሰዎች ከኤርትራ ሸሽተው፣ መስመሩ ሲጸድቅ ከመስመሩ ማዶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ልቦለድ ጸሐፊ ቢጽፈው አዘጋጁ «ይኼ በዛ» ብሎ ይመልስለት ነበር።

ሌላም አለ። የአልጀርስ ስምምነት ሁለተኛ ኮሚሽን ወልዷል፣ የካሳ ኮሚሽን። እሱ ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ባድመ ላይ የፈጸመችው ጥቃት ሕገወጥ ነው ብሎ ፈረደ፤ ቦታው በወቅቱ በኢትዮጵያ ሰላማዊ አስተዳደር ሥር ነበርና፣ የድንበር ክርክር ጦር ለማዝመት ሰበብ አይሆንም ሲል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። አንዱ ባድመ የኤርትራ ናት ይላል፣ ሌላው ኤርትራ ባድመን በኃይል መያዟ ወንጀል ነበር ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማበጠሪያዋን የሚወዱ ሰዎች ይህን አያነሱም፤ ቀልዱን ያበላሸዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ለእኔ ሙያ የተጻፈ ይመስላል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ በመስከረም 1996 ለኮፊ አናን ደብዳቤ ጽፈው ውሳኔውን ሕገወጥና ኢፍትሐዊ አሉት፤ በመሬት ላይ ምልክት የመትከሉ ሥራ ቆመ። ኮሚሽኑ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ሌላ መላ አመጣ። ከአየር ላይ በተነሱ ፎቶዎችና በኮምፒውተር የመሬት ሞዴል የእያንዳንዱን ምልክት ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር አወጣና፣ አንድ ዓመት ሰጥቶ፣ ካልተስማማችሁ ድንበሩ በእነዚህ ቁጥሮች እንደተከለለ ይቆጠራል አለ። ኅዳር 20 ቀን 2000 ቀኑ ሞላ። አንድም የሲሚንቶ ምሰሶ በምዕራቡ ሳይተከል ድንበሩ ተከለለ። በወረቀት። እንዲያውም ወረቀትም ይበዛበታል፤ የቁጥር ዝርዝር ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ለዴሊቨሪ መተግበሪያ የሰፈር ክልል ስንሠራ የምናደርገው ይኸው ነው። ነጥቦቹን ታስገባለህ፣ የአንድ ቤት ቦታ ትሰጠዋለህ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ወይም ውጭ ነው ይልሃል። ሦስተኛ መልስ የለውም። እኛ ቢሮ ግን መስመሩ አንድን ግቢ ለሁለት ከከፈለው ደንበኛው ይደውላል፤ ይጮኻል፤ እናስተካክላለን። ባድመ ለማን ትደውላለች? የአልጀርስ ስምምነት ይህን ጨርሶ አልረሳውም። አንቀጽ 4 መጨረሻ ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፈው መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሚገጥማቸውን ችግር ለመፍታት የተባበሩት መንግሥታት እንዲያግዝ ይጠይቃል። ቁጥሩ 16 ነው። የሰላም አስከባሪው ጦር በሐምሌ 2000 ተልእኮው ሲያበቃ አስራ ስድስተኛዋ ንዑስ አንቀጽ እንደተኛች ነበረች።

እስካሁን ዳኞቹን የወቀስኩ ይመስላል። በእውነቱ ውሳኔው ጠንቃቃ፣ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ፣ ከብዙ የመንግሥት መግለጫ የተሻለ ጽሑፍ ነው። ለመንደር የተጻፈ አለመሆኑ ግን አያከራክርም። ፍርድ ቤት መንደር መጻፍ የለበትም የሚለኝ ካለ እስማማለሁ። ታዲያ ማን ጻፋት?

እዚህ ላይ ሒሴ ወደ እኛ ይዞራል። አማርኛ ስለ ባድመ የሚጠቀምባቸውን ግሦች ሰብስቡ። ተወረረች። ተያዘች። ነጻ ወጣች። ተፈረደች። ተሰጠች። ተመለሰች። ሁሌም አንስታይ፣ ሁሌም ተደራጊ። እንደ ተዳረች ልጃገረድ አንዱ ይወስዳታል፣ አንዱ ይሰጣታል፣ ሽማግሌ ይላካል። ግንቦት 28 ቀን 2010 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ የአልጀርስን ስምምነት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ሲል ፌስቡክ ለሁለት ተከፈለ፤ «ትሰጥ» እና «አትሰጥም»። የባድመ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ሲቃወሙ ዜናው አንድ ቀን ቆየ። ሐምሌ 2 አስመራ ላይ መሪዎቹ ተቃቅፈው የድንበሩ ውሳኔ ይፈጸማል ብለው ሲፈርሙ፣ እኛ ተማሪዎች በደስታ አለቀስን። አላፍርበትም፤ ደስ የሚል ቀን ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ባድመ ባለቤት የሆነችበት አንድ ግሥ ፈልጌ አጣሁ። ባድመ በላች። ባድመ ፈራች። ባድመ ሰርግ ደገሰች። የለም።

አማርኛ ይህን አይችልም እንዳይባል በዓሉ ግርማ አለ። «ኦሮማይ» በ1975 ሲወጣ ርእሱ ዘመቻ ነበር፣ ያውም የመንግሥት ዘመቻ። አስመራ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ታስባለች፣ ታፈቅራለች፣ ትሸውዳለች። አንባቢው ከጦርነቱ ውጤት ይልቅ ለከተማዋ ይጨነቃል። መጽሐፉ የታገደው፣ ደራሲውም በቀጣዩ ዓመት የጠፋው፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር በዚህም ይመስለኛል። ለባድመ ግን በዓሉ አልመጣላትም። የመጡላት ቀረርቶና ትንታኔ ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ ሆነው ነው የሚያዩዋት።

ልዩነቱን የተረዳሁት በራሴ ሰፈር ነው። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ተቋም የመጣ ነው፤ ካዛ ኢንቺስ። ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከአስመራ የመጣ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር። በ1990 ክረምት ደግሞ፣ የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ ሰዎች ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች እየተለቀሙ ሲባረሩ፣ በጦርነቱ ዘመን ቁጥራቸው በሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ግምት 75 ሺህ ደርሷል፣ ከካዛንቺስ ግቢዎችም ክፍሎች ተቆለፉ። እናቴ ስለ አንዷ ጎረቤት ስታወራ አሁንም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ «ሽሮዋን ምጣድ ላይ ትታ ነው የሄደችው» ትላለች። ባድመ እንግዲህ ሩቅ አልነበረችም። ከግቢያችን ቁልቁል በእግር የሚደረስበት አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 የተመሠረተበት ነው፤ ያው ድርጅት በዓመቱ ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች ይከበሩ ብሎ ወሰነ፣ የአልጀርስ ስምምነት አንቀጽ 4ም ያንን ውሳኔ ጠቅሶ ነው የሚጀምረው።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ምን እንደሆነ አይታችኋል። ስንት ጽሑፍ ወጣ! የጠጅ ቤቶቹ፣ የምሽት ክለቦቹ፣ ክትፎው፣ የሠፈሩ እብዶች፣ የቤት ቁጥር ሳይቀር ተጻፈ። ልማቱ ይደገፍ አይደገፍ ሌላ ክርክር ነው። እኔን የገረመኝ የትዝታው ብዛት ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ከሥሩ የተጠራቀመ ቋንቋ ነበረው፣ ነዋሪው ገላን ጉራ ሲደርስም ያንን ይዞ ነው የደረሰው። የባድመ ሰው በ1990፣ እንደገና በ2013 ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ፣ በአማርኛ የጠበቀው ማበጠሪያዋ ናት።

አሁን መንደሯ በኤርትራ ሠራዊት እጅ ናት፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2015 ከተፈረመም በኋላ። በሕግ የኤርትራ ናት፣ ስለዚህ ነገሩ ተዘጋ የሚሉ አሉ። ነዋሪዎቿ ሽራሮና ሽሬ በተጠለሉበት ሁኔታ ምን እንደተዘጋ አይገባኝም።

ቢሮ ከጎኔ የሚቀመጥ የሽራሮ ልጅ አለ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስለ ባድመ ጠየቅኩት። ስለ ውሳኔው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ማይ አምበሳ ሊያወራኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ስለ ጥቅምት ነገረኝ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከየአገሩ ቀን ሠራተኛ ይመጣል፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኩናምኛ ገበያው ውስጥ ይደባለቃል፤ አልጋ ይጠፋል፤ ሰው ሻይ ቤት ወንበር ላይ ያድራል። ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል አለኝ፣ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ማንም የማንንም ዘር አይጠይቅም፣ የሚጠየቀው በቀን ስንት ነዶ ታስራለህ ነው። ከዚያ ስልኩ ጠራ፤ ከወንድሙ ነበር፣ ሽሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተጠለለው፤ ወሬያችንን አቁሞ ወጣ።